የአምስት ሊትር ቆርቆሮና የማትራህ ቀሪቦ

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በገና ማግስት ከማደሪያችን ጓሮ ያየሁት የቆርቆሮ ክምር ነው። ማኅበራችን ባዘጋጀው በዓል ላይ ቢራው በብዛት የቀረበው፣ እንደምታስታውሱት፣ በእነዚያ ባለ አምስት ሊትር የድራፍት ቆርቆሮዎች ነበር። ጣሳውንና የፕላስቲክ ጠርሙሱን ለመልቀምማ ማንም አልሰነፈም፤ የአንዱ መያዣ 25 ሳንቲም ነውና ጓዶች በማለዳ ከረጢት ይዘው ሲሽቀዳደሙ አይቻለሁ። ባለ አምስት ሊትሩ ግን ወዳጅ አጥቶ ቀረ። በጀርመን ሕግ የዚህ ዓይነቱ መያዣ የሚከፈለው እስከ 3 ሊትር በሚይዝ ዕቃ ላይ ብቻ ስለ ሆነ፣ ትልቁ ቆርቆሮ ባዶውን ቢመለስ አንዲት ሳንቲም አያመጣም፤ ስለዚህ ይጣላል።

ዐሥራ አንድ ቆጠርሁ። አራቱን ለራሴ ወሰድሁ። ከጓዶቻችን አንዱ ደግሞ ሁለት መርጦ በክንዱ አቅፎ ሲሄድ አገኘሁትና ምን ሊያደርግባቸው እንደሆነ ጠየቅሁት። ለፋሲካ ባሕረ ሰላጤው አገር ወደምትሠራ አክስቱ ዘንድ እንደሚሄድና ጠላ ሊጠምቁባቸው እንዳሰቡ ነገረኝ። ሣቅሁ። ወዲያው ግን ሣቄ ጠፋ፤ እኔም ባለፈው መስከረም ይህንኑ አድርጌ ነበርና። ለእርሱ በቃል የጀመርሁለት ታሪክ በደረጃው ላይ ቆመን ስላላለቀ፣ ለሌሎቻችሁም ይጠቅም እንደሆነ ብዬ እዚህ ጻፍሁት።

በመጀመሪያ ስለ ቆርቆሮው። ከስስ ብረት የተሠራ፣ ውስጡ እንዳይዝግ የተቀባ ድብልብል ዕቃ ነው። ከላይ መሐል አናቱ ላይ የጎማ ውታፍ አለው፤ ከታች በኩል ደግሞ ተስቦ የሚወጣ የፕላስቲክ ቧንቧ አለው። ውታፉ ሲከፈት አየር ይገባል፣ ቧንቧው ሲዞር ቢራው ይወርዳል፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። (በውስጡ የራሱን የታመቀ ጋዝ የያዘ ሌላ ዓይነት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ገበያ ላይ የወጣው የሃይነከን ቆርቆሮ ከዚህ ወገን ነው። እርሱን ተዉት፤ በቢላ የሚፈነቀል ዕቃ አይደለም።)

ይህን ተራውን ቆርቆሮ ደግሞ ደጋግሞ መጠቀም ይቻላል። እኛ እዚህ ማደሪያ ከአንድ ዓመት በላይ ስንሠራበት ቆይተናል። ዋናው ነገር ባዶ በሆነበት ሌሊት ማጠብ ነው፤ ቢራ ውስጡ ከደረቀ በኋላ የሚደረግ ትግል ከንቱ ነው። ውታፉን ሳይቀደድ ቀስ ብሎ መፈንቀል፣ በሙቅ ውሃና በማጠቢያ ሶዳ ሞልቶ ማሳደር፣ በነጋታው ደጋግሞ ማለቅለቅ። አሸዋም ሆነ የብረት መፋቂያ ከቶ አይግባበት፤ ቅቡ ከተጫረ ብረቱ ይዝጋል፣ መጠጡም ደም ደም ይላል። እኔ በቀዳዳው መብራት አስገብቼ ውስጡን ስለምመረምር ጓዶች «የቆርቆሮ ጨጓራ ሐኪም» ብለው ያፌዙብኛል። ይሁን። ዝገት ያየሁበትን ሦስት ቆርቆሮ በወቅቱ ጥያለሁ፤ የታመመም የለም።

እናቶቻችን ጋን ሲያጥቡ በግራዋ ቅጠል አሽተው፣ በወይራና በጥንጁት ጢስ አጥነው ነው። ልጅ ሳለሁ ጢሱ ለሽታው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ በተማርሁት ትምህርት ሳየው፣ ጢሱ ከጋኑ ሆድ ውስጥ ያሉትን መጠጡን የሚያኮመጥጡ ጥቃቅን ነፍሳት የሚቀንስ ብልኃት ነው። ቆርቆሮ ግን አይታጠንም፤ ቅቡ ይለበለባል። ይህን የምለው አንዱን አጥኜ ካበላሸሁት በኋላ ነው።

በዚህ ዕቃ የመጀመሪያ ሙከራችን የአፕል ጠጅ ነበር። ያልተጣራውን የአፕል ጭማቂ ከገበያ ገዝተን፣ እርሾ ጨምረንበት፣ በትልቅ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ አፉን በጨርቅ ሸፍነን ሁለት ሳምንት አስቀመጥነው። መፍላቱን ከጨረሰና አተላው ከዘቀጠ በኋላ ብቻ ወደ ቆርቆሮው ገለበጥነው። «ብቻ» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። በቆርቆሮው ውስጥ ጥቂት አረፋ እንዲኖረው ለአምስቱ ሊትር ከ15 እስከ 20 ግራም ስኳር ጨምረን ውታፉን መታነው፤ ይህም ለጠርሙስ ከሚጨመረው ግማሽ ያህል ነው። ቆርቆሮው እንደ ጠርሙስ ግፊት አይችልም፤ ሲበዛበት መጀመሪያ ታችና ላዩ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ይነፋል። ከአንድ ሳምንት በኋላ አቀዝቅዘን ከፈትነው። ከተከፈተ በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ማለቅ አለበት፤ አየር ስለሚገባበት አረፋው ይጠፋል፣ ይኮመጥጣልም። ማለቁስ በእኛ ዘንድ ችግር ሆኖ አያውቅም።

ጠላውም ከዚያ ቀጠለ፤ ከፍራንክፈርት ጌሾ አስመጥተን፣ ብቅሉን ራሳችን አብቅለን። ጠላ በቆርቆሮ ሲቀመጥ በጥሩ ወንፊት ሁለት ጊዜ መጥለል አለበት፤ አለዚያ ገለባው ቧንቧውን ይዘጋውና የበዓሉ ሰው በሙሉ ቆርቆሮ ሲነቀንቅ ያመሻል። ይህን ሁሉ በግልጽ የምጽፈው ሕግ ስለማያስፈራኝ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ በጀርመን አንድ ሰው፣ ለሽያጭ ካላደረገው በቀር፣ በዓመት እስከ 500 ሊትር ቢራ ያለ ቀረጥ በቤቱ መጥመቅ ይችላል። አምስት መቶ ሊትር! ይህ ቁጥር በራሴ ውስጥ ቀርቶ ነው ወደ ማትራህ የሄድሁት።

ማትራህ የመስቀጥ ከተማ የወደቡ ወገን ናት። በሦስት በኩል ጥቁር ድንጋይ የሆነ ተራራ ከብቧት፣ በአራተኛው በኩል ባሕሩ ተዘርግቷል። ፖርቱጋሎች በ16ኛው ምዕተ ዓመት የሠሩት ምሽግ ከገደሉ ላይ ቁልቁል ያያታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የጭነት መርከቦች ሥራ ወደ ሶሐር ወደብ ከተዛወረ ወዲህ በወደቧ የሚበዛው የአገር ጎብኚዎች መርከብ ነው። ጎብኚዎቹ በባሕሩ ዳር መንገድ ይንሸራሸራሉ፣ ወደ ጥንታዊው ገበያ ገብተው ዕጣንና ሻርብ ይገዛሉ፣ ሲመሽ ወደ መርከባቸው ይመለሳሉ። ከገበያው በስተኋላ ባሉት ጠባብ መንገዶች የሚኖረው ሠራተኛ ሕዝብ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሕንዱ፣ ፓኪስታኑ፣ ባንግላዴሹ፣ ከእነርሱም መካከል የእኛ ሰው።

ታላቅ እኅቴ ከዚያ ሰፈር በአንድ ፎቅ ላይ ካለች ክፍል ትኖራለች። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት በቤት ሠራተኝነት ሄዳ፣ ዛሬ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። እኔ በነጻ የትምህርት ዕድል ስማር የእናታችንን ቤት የያዘች እርሷ ናት። ከዐሥራ አንዱ ዓመት ውስጥ ያየኋት ሁለት ጊዜ ብቻ ስለ ነበረ፣ ባለፈው ነሐሴ ሴሚስተሩ ሲዘጋ የ2018 ዓ.ም. ዘመን መለወጫን አብሬያት ልውል ትኬት ቆረጥሁ። በሻንጣዬ ውስጥ ልብስ ትንሽ ነበር፤ የቀረውን ቦታ አንድ በሚገባ የታጠበ ቆርቆሮ፣ ሁለት አዲስ የጎማ ውታፍ፣ አንድ ከረጢት ብቅልና አንድ ከረጢት ጌሾ ይዞት ነበር።

በአውሮፕላን ጣቢያው መርማሪው ሻንጣዬን አስከፈተና ቆርቆሮውን አውጥቶ ነቀነቀው፤ ባዶ ነው። አሸተተው፤ ሶዳ ሶዳ ይላል። በላዩ ላይ የታተመውን የቢራ ሥዕል አይቶ ፈገግ አለና ለምን እንደሚሆነኝ ጠየቀኝ። «ለውሃ» አልሁት። ውሸቴ በዚያ ጀመረ።

እኅቴ ቆርቆሮውን ስታይ አልሣቀችም።

«ይህን ይዘህ ነው የገባኸው?»

«እትዬ፣ ጠላ እንጠምቅበታለን። ጌሾም አምጥቻለሁ።»

«አንተ፣ እዚህ ጀርመን መሰለህ?»

«አምስት ሊትር እኮ ናት። ማን ያውቃል?»

«አንተን አምስት ሊትርህ ምን ታደርግሃለች? ቢበዛ ይዘው አውሮፕላን ላይ ይሰቅሉሃል፤ ትምህርት ቤትህ ትመለሳለህ። ዐርብ ወደዚህ ቤት የሚመጡት ልጆች ግን ወዴት ይመለሳሉ?»

በኦማን ሕግ ያለ ፈቃድ የአልኮል መጠጥ ማዘጋጀት ወንጀል ነው። የውጭ አገር ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ ከአሠሪው ጋር የተያያዘ ነው። በአንድ የጠላ ብርጭቆ ምክንያት የተያዘች የቤት ሠራተኛ ሥራዋን፣ ፈቃዷንና የምትልከውን ገንዘብ በአንድ ቀን ልታጣ ትችላለች፤ አገር ቤት ደግሞ ለመሄጃዋ የተበደሩት ዘመዶች ይጠብቋታል። እኅቴ ይህን እንደ ሕግ ሰው አላብራራችልኝም። በፊት ታውቃት የነበረች አንዲት ልጅ ስም ጠርታ ዝም አለች፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ጌሾውን ግን ከእጄ ወስዳ ከረጢቱን ፈታችና ፊቷን ቀበረችበት። ረጅም ጊዜ ቆየች። ከዚያም አስራ ከልብሶቿ መካከል ከተተችው። ወደ ጀርመን ስመለስ አውጥታ ሰጠችኝ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ቁም ሣጥኑ በተከፈተ ቁጥር ክፍሏ ደሴ ደሴ ይሸት ነበር።

«ቀሪቦ እሠራላችኋለሁ» አለች።

ቀሪቦን የማታውቁ ካላችሁ፣ አልኮል የማይጠጣው ወገናችን፣ በተለይም የሙስሊሙ ቤት፣ ለበዓልና ለሠርግ የሚያቀርበው የገብስ መጠጥ ነው። ገብሱ እስኪጠቁር ድረስ ይቆላል፤ በብዙ ውሃ ይፈላል፤ ይጠለላል፤ ሲበርድ ጥቂት ስኳርና እርሾ ይገባበትና ያድራል። በነጋታው ሲቀርብ እንደገና ስኳር ይጨመርበታል። ቀለሙ ጠላ ነው፤ አረፋ አለው፤ ጣዕሙ ጣፋጭና ጥቂት መረር ያለ ነው። እኅቴ ከደሴ ጎረቤታችን ከአንዲት እናት ተምራዋለች። እኛ በፋሲካ ጠላ ስንልክላቸው የማይጠጡት እርሳቸው፣ በዒድ ቀሪቦ ይልኩልን ነበር፤ የምንጠጣው እኛ ስለሆንን በዚህ ልውውጥ ሁልጊዜ አትራፊዎቹ እኛ ነበርን።

የቆርቆሮው ጉዳይ ግን ገና አልተዘጋም ነበር። ከጀርመን ድረስ ተሸክሜው መጥቼ እንዴት ባዶውን ይቀመጥ? እኅቴም በመጨረሻ ለማቅረቢያ ይሁን ብላ ፈቀደች፤ ነገር ግን ያ የቢራ ሥዕል ለዓይን መታየት አልነበረበትም። በስፌት ቤቷ ከተረፈ ጨርቅ ልኩን ወስዳ አንገትጌ ያለው ቀሚስ ሰፋችለት፤ ቧንቧው ብቻ በታች በኩል ብቅ ይላል። ይህ ቀሚስ ሌላ አሳብም አመጣልኝ። በማትራህ ገበያ ጃህላ የሚሉት የሸክላ ማሰሮ ይሸጣል፤ የዚህ አገር ሰው ውሃ ሞልቶ በጥላ ሥር የሚያንጠለጥለው ነው። ባህላ የተባለችው ከተማ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች ናት። ሸክላው ውሃውን በላብ መልክ ያወጣዋል፣ ላቡ ሲተን የቀረውን ያቀዘቅዘዋል። እኔም የቆርቆሮውን ቀሚስ ውሃ እየነከርሁ እንደ ጃህላ ሊያቀዘቅዝልኝ ጠበቅሁ። አልሆነም። ባህላ በደረቁ የአገሩ ውስጥ ክፍል ናት፤ ማትራህ ግን የባሕር እርጥበት ስላለባት ጨርቁ እንደ ረጠበ ይውላል እንጂ አይተንም።

ስለ ሙቀቱ አንድ ነገር ልጨምር። ከማትራህ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ባለችው ቁረያት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ሙቀቱ ከ42.6 ዲግሪ በታች አልወረደም ነበር። መስከረም ከዚያ ይሻላል፤ ቢሆንም እኅቴ ማቀዝቀዣ መሣሪያውን ለኤሌክትሪክ ሒሳብ ስትል በሌሊት ታጠፋዋለች፤ ወጥ ቤቷም እንደ ምጣድ ቤት ነው። እዚህ በእኛ ምድር ቤት በሁለት ሳምንት የሚያልቀው መፍላት እዚያ በአንድ ሌሊት ይሮጣል። ይህን አውቅ ነበር። ማወቅ ግን ሌላ፣ ማሰብ ሌላ ነው።

ረቡዕ ማታ 15 ሊትር ያህል ቀሪቦ ተጠነሰሰ። ሐሙስ፣ መስከረም 1 ቀን፣ እኅቴ ሥራ ዋለች፤ እዚያ ለእኛ አዲስ ዓመት ሱቅ አይዘጋም። ግብዣው ለዐርብ ነበር፣ ልጆቹ የዕረፍት ፈቃድ የሚያገኙት፣ የሚያገኙትም ካሉ፣ በዚያ ቀን ነውና። ማታ ቀምሼ ብዙ አረፋ የሌለው ሆኖ አገኘሁት። እኅቴ ደክሟት ተኝታለች። እኔም የጀርመኑን ጥበቤን ላሳይ ተነሣሁ። አምስት ሊትር ቀዳሁና፣ ነገ እንደሚጣፍጥ ስለማውቅ ስኳሩን ዛሬውኑ ጨመርሁበት፤ ግማሽ ኪሎ። እርሾው በሕይወት አለ፤ ገና አልጠለለም። ወደ ቆርቆሮው ገለበጥሁና አዲሱን ውታፍ በመዳፌ መታሁት። ማቀዝቀዣው በዶሮና በዕንቁላል ሞልቶ ስለ ነበር፣ ከወጥ ቤቱ ወለል ላይ ከነቀሚሱ አስቀመጥሁትና ተኛሁ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም ነው የፈነዳው። ድምፁ የጥይት ነው ብል አላጋነንሁም። ውታፉ ጣራውን መትቶ ተመልሶ ድስት ላይ አረፈ፤ ጥቁሩ ቀሪቦ እስከ መብራቱ ድረስ ተረጨ፤ የቆርቆሮው ታች ወደ ውጭ ተነፍቶ ዕቃው እንደ ሰከረ ሰው ይወዛወዝ ነበር። ከሁሉ የከፋው ሽታው ነበር። የእርሾና የገብስ ሽታ፣ በዚያ ሙቀት፣ በተከፈተ መስኮት፣ በዚያ ጠባብ መንገድ። ማንኛውም አፍንጫ ይህን ሽታ ምን ብሎ እንደሚጠራው አስቡት።

ታች ያለው የፓኪስታን ሰው ወጥቶ በሩን አንኳኳ። ሌላ በር ሲከፈትም ተሰማ። እኅቴ ነጠላዋን በትከሻዋ ጣል አድርጋ በእኔና በበሩ መካከል ቆመች። አንዲት ቃል ሳትናገረኝ ከባልዲው፣ እርሷ ከጠነሰሰችው ካልተነካው፣ አንድ ብርጭቆ ቀዳችና በሩን ከፈተች። «ሸዒር» አለችው፤ በዓረብኛ ገብስ ማለት ነው። በሱቁ ሁሉ አልኮል የሌለው የገብስ መጠጥ በጣሳ ስለሚሸጥ ቃሉን ሁሉም ያውቀዋል። ሰውየው አሸተተ፣ ቀመሰ፣ ጣራውን አየ፣ እኔንም ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ከዚያ ብርጭቆውን ጨርሶ መለሰላትና አንድ ነገር ብሎ ወረደ። ምን አለ ብላት፣ «ስኳር ያንሰዋል ነው ያለው» አለችኝ።

በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም የማደርገው ሲጠፋኝ እጇን ይዤ ትርታዋን መቁጠር ጀመርሁ። መቶ ሃያ ደርሷል። እጇን መነጨቀችኝ፤ «አሁን ሐኪም አትሁንብኝ» አለች። እስኪነጋ አልተነጋገርንም። ግድግዳውን አጠብሁ።

ሲነጋ ወረቀት አውጥቼ ያን ማታ ማስላት የነበረብኝን አሰላሁ። አንድ ግራም ስኳር ሲፈላ ግማሹ ያህል ጋዝ፣ ግማሹ ያህል አልኮል ይሆናል። ግማሽ ኪሎ ስኳር እስከ መጨረሻው ቢፈላ 240 ግራም ያህል ጋዝ ይወጣዋል፤ ይህ ጋዝ በዚያ ሙቀት ነጻ ቢለቀቅ ከ130 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። እኔ ደግሞ የዘጋሁበት በአምስት ሊትር ዕቃ ነው፣ ዕቃውም ሙሉ ነው። ሙቀቱም ለብቻው ሌላ ጠላት ነው፤ በማቀዝቀዣ ውስጥ 1 ባር ያህል ብቻ የሚገፋ የቢራ ጋዝ፣ ያው ራሱ በ35 ዲግሪ ከ3 ባር በላይ ይገፋል፣ ከመኪና ጎማ የበለጠ ማለት ነው። በጋን ቢሆን ይህ አይደርስም ነበር። ጋን በጭቃ ቢመረግም ጭቃው ይሰነጠቃል፣ ሸክላውም ይተነፍሳል። ቆርቆሮ አይተነፍስም።

ያስደነገጠኝ ግን ሁለተኛው ስሌት ነው። በአንድ ሊትር 100 ግራም ስኳር፣ ጊዜ ካገኘ፣ ከ6 በመቶ በላይ አልኮል ይሰጣል፤ ይህም ከተራ ቢራ ይበልጣል። ውታፉ ጠንክሮ ቢይዝ፣ ግብዣውም በአንድ ሁለት ቀን ቢዘገይ፣ ቀሪቦ ነው ብዬ ለእነዚያ ልጆች የማቀርበው ጠንካራ መጠጥ ነበር። ሰክራ ወደ አሠሪዎቿ ቤት የምትገባዋን አሰብሁ። ሃይማኖቷ የማይፈቅድላት፣ በእኅቴ ቃል አምና የምትጠጣዋንም አሰብሁ። ቀሪቦንና ጠላን የሚለያቸው ጌሾው ብቻ ይመስለኝ ነበር። የደሴዋ እናት ስኳሩን በማቅረቢያው ሰዓት የሚጨምሩት ለምን እንደሆነ የገባኝ ያን ዕለት ነው፤ እርሳቸው ምናልባት ምክንያቱን በሌላ ቋንቋ ይናገሩት ይሆናል፣ ሥራቸው ግን ልክ ነበር። እኅቴም ሥርዓቱን ጠብቃ ነበር። ያፈረስሁት እኔ ነኝ።

ወረቀቱን ለእኅቴ አሳየኋት። አላነበበችውም። «በረዶ ግዛ» አለችኝ።

እ.ኤ.አ. በ2017 ወደተከፈተው ወደ አዲሱ የዓሣ ገበያ ሄድሁ። ዓሣ አጥማጆቹ ሌሊት ያመጡትን ቱና እየጎተቱ ነበር። ከአንዱ በረዶ ለምኜ በሁለት ከረጢት ተሸክሜ ስመለስ ግማሹ በመንገድ ቀለጠ። ታቹ የተነፋውን ቆርቆሮ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ በበረዶ መካከል ተከልሁት፤ ቀሚሱ በሌሊት ታጥቦ ደርቆ ነበር። እኅቴ ከባልዲው የተረፈውን ቀሪቦ ሁለት ጊዜ አጠለለችው፣ በበረዶ አቀዘቀዘችው፣ እንግዶቹ ደረጃውን ሲወጡ ስትሰማ ብቻ ስኳሩን በጠበጠች። በቆርቆሮው አናት ላይ ውታፍ አልተደረገም፤ ዝንብ እንዳይገባ ቁራጭ ጨርቅ ጣል ተደረገበት።

ዐሥራ ሁለት ሴቶች መጡ። ሁለቱ ከዐሥር ሰዓት በፊት መመለስ ስላለባቸው በሩን እያዩ ነበር የበሉት። ቆርቆሮው በቀሚሱ ሲያዩት «ማን ድሯት ነው?» ብለው ሣቁ፤ ከዚያ በኋላ ስሟ «ሙሽራዋ» ሆነ። ከእነርሱ አንዲቱ፣ ሃያ ዓመት የማይሆናት፣ ብርጭቆዋን ሳታነሣ ተቀምጣ አየኋትና አልጠጣሽም ወይ አልኋት። «ሳምንቱን ሙሉ የምቀዳው እኔ ነኝ፤ ዛሬ ይቀዳልኝ» አለች። ሁሉም አጨበጨቡ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ ድረስ ከሳፋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ቧንቧ ጠባቂ ሆንሁ፤ ማንም ለራሱ እንዲቀዳ አልተፈቀደለትም። ቆርቆሮውን እንደገና ሞላነው። ወደ ኋላ ላይ አበባዮሽ ተዘፈነ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ለታች ጎረቤታችን አንድ ማሰሮ ሙሉ ወረደለት፣ በዚህ ጊዜ ስኳሩ በርከት ብሎ።

አሁን ወደ ጓዳችን ልመለስ። ወንድሜ፣ ቆርቆሮዎቹን ከወሰድህ አይቀር ውሰዳቸው፤ ለማቅረቢያ መልካም ናቸው፣ አክስትህም ቀሚስ ትሰፋላቸው ይሆናል። ብቅሉንና ጌሾውን ግን ለማሽተት ካልሆነ አትያዝ፤ እርሾ ያለበትን ነገርም አትዝጋባቸው። ውታፎቹን ለእኔ ተውልኝ። በምድር ቤት ለፋሲካ የሚሆን የአፕል ጠጅ ጠንስሻለሁና ሁለት ይጎድሉኛል።